በቀለጠ ቸኮሌት የጋገራችሁት ኬክ ለምን ይበላሻል? ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የኮኮዋ ዱቄት ሲያልቅ ቸኮሌት አቅልጦ መጠቀም ቀላል ይመስላል። ይሠራልም። በደንብ ከያዛችሁት እንዲያውም በዱቄቱ ከሚጋገረው የበለጠ ልስልስ ያለና የቸኮሌት ጠረኑ ቶሎ የማይለቅ ኬክ ይወጣላችኋል። ነገሩ የሚበላሸው ሁለቱን እንደ አንድ ዕቃ ስንቆጥራቸው ነው።

የቀለጠ ቸኮሌት ፈሳሽ ይመስላል እንጂ ውስጡ ውሃ የለም ማለት ይቻላል። ያለው የኮኮዋ ቅቤ፣ ስኳርና ደረቅ የኮኮዋ ብናኝ ነው። የኮኮዋ ቅቤ ከ30 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል። ቀዝቀዝ ሲል ተመልሶ ይጠጥራል። ይህን ከያዛችሁ ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ለምን እንደሚመጡ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። ወይ ውሃ ነክቶታል፣ ወይ ሙቀት በዝቶበታል፣ ወይ ሳታስቡት ጠጥሯል፣ ወይ ደግሞ ይዞት የመጣው ቅባትና ስኳር ሳይቆጠር ቀርቷል።

ቸኮሌቱ እየቀለጠ ሳለ ድንገት ጓጎለ

ጥሩ እየሄደ የነበረው ቸኮሌት በአንድ ጊዜ ይጨማደድና ወፍራም፣ ሸካራ ጓል ይሆናል። ብዙ ሰው ተቃጠለ ብሎ ይደፋዋል። አትድፉት። የነካው ውሃ ነው።

ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ስኳሩና የኮኮዋው ብናኝ ደረቅ ስለሆኑ ያገኙትን እርጥበት ይሻሙና እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ውሃው የሚመጣው በደንብ ካልደረቀ ማንኪያ፣ ከሳህኑ ግድግዳ፣ ወይም ሳህኑ ከተቀመጠበት ድስት ውስጥ ከሚፈላው ውሃ እንፋሎት ነው። ሳህኑን በክዳን መሸፈንም ያው ነው፤ ክዳኑ ላይ የተጠራቀመው ላብ ተመልሶ ይንጠባጠባል።

መፍትሄው መጀመሪያ ስትሰሙት ግራ ያጋባል፦ ተጨማሪ ፈሳሽ። ጥቂት ውሃ ያጓጉለዋል፣ በቂ ውሃ ግን ይፈታዋል። ትኩስ ወተት፣ ውሃ ወይም ቡና በሾርባ ማንኪያ እየለካችሁ ጨምሩና አንዱ እስኪዋሃድ ድረስ አማስሉ። ለ60 ግራም ቸኮሌት ቢያንስ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያስፈልጋል። እየለሰለሰ መጥቶ ወዙ ይመለሳል። ቀዝቃዛ ፈሳሽ አትጠቀሙ፤ የኮኮዋ ቅቤውን ያጠጥረዋል። የጨመራችሁትን ልክ ደግሞ ሊጡ ውስጥ ከሚገባው ወተት ላይ ቀንሱ። እንዲህ የተመለሰ ቸኮሌት ተቀብቶ ጠጥሮ ለሚቀር ሽፋን አይሆንም። ለኬክ ግን ምንም አይለው።

እንዳይደገም ከፈለጋችሁ ሳህኑ ደረቅ ይሁን፣ ከስር ያለው ውሃ ሳህኑን አይንካው፣ ውሃው ከፈላ በኋላ እሳቱን አጥፉት። እኔ የምመርጠው ግን ቸኮሌቱን ብቻውን አለማቅለጥ ነው። የገበታ ቅቤውን ቆራርጣችሁ ከመጀመሪያው አብራችሁ አድርጉት። ወይም ቸኮሌቱን በደቃቁ ክተፉና የምግብ አሠራሩ የሚጠይቀውን ወተት ወይም ቡና አሙቃችሁ ሙሉውን አፍስሱበት። ሁለት ደቂቃ ሳትነኩት ይቆይ፣ ከዚያ ከመሃል ጀምራችሁ አማስሉ። በዚህ መንገድ የመጓጎል ስጋት ከሞላ ጎደል ይጠፋል።

ወዙ ጠፍቶ ሻከረ፣ የማረር ሽታም አለው

ይሄኛው ሙቀት በዝቶበት ነው። ጥቁር ቸኮሌት ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ካለፈ መበላሸት ይጀምራል። የወተትና ነጭ ቸኮሌት ከዚያም ቀድመው ይጎዳሉ። ቴርሞሜትር የግድ አይደለም። የሳህኑን ውጭ በእጃችሁ ንኩት፤ ካቃጠላችሁ በዝቷል።

በማይክሮዌቭ የምታቀልጡ ከሆነ ኃይሉን ወደ ግማሽ ዝቅ አድርጉና በየ20 ወይም 30 ሰከንዱ አውጥታችሁ አማስሉ። ቸኮሌት ማይክሮዌቭ ውስጥ ሲቀልጥ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። በዓይን ገና ይመስላል፣ ውስጡ ግን አልቆለታል። ጥቂት ያልቀለጠ ቁራጭ እያለ አውጡት። የቀረውን ሙቀቱ ራሱ ይጨርሰዋል።

ወፍሮ ብቻ ከሆነና ሽታው ደህና ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይመልሰዋል። ካረረ ግን መዳኛ የለውም። ያንን ምሬት ስኳርም ቫኒላም አይሸፍነውም፣ እንቁላሉንና ቅቤውን አብራችሁ አታባክኑ።

ከመጀመሪያው ወፍራም ሆኖ የሚቀልጥም አለ። ለብስኩት የሚሠሩት ትናንሽ የቸኮሌት ጠብታዎች ኦቨን ውስጥ ቅርጻቸውን እንዲይዙ ተብለው ስለሚሠሩ ብዙ ጊዜ የኮኮዋ ቅቤያቸው ያንሳል። በኮኮዋ ቅቤ ፋንታ ሌላ የአትክልት ቅባት የገባበት ርካሽ ቸኮሌትም አለ። ማሸጊያውን አንብቡ። የኮኮዋ ቅቤ ካልተጻፈበት ኬካችሁ ላይ የምታገኙት የቸኮሌት ጣዕም የሳሳ ይሆናል።

ሊጡ ውስጥ የቸኮሌት ፍንጥርጣሪ ታየ

ቸኮሌቱ ከቀዝቃዛ ነገር ጋር ተገናኝቶ ወዲያው ጠጥሯል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከፍሪጅ በቀጥታ የወጣ እንቁላል ወይም ወተት ነው። እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ብትነክሩት ይበቃል። ቸኮሌቱንም ለብ ሲል ነው መጨመር፤ ሳይተኩስ፣ ሳይበርድ። መጀመሪያ ሁለት ማንኪያ ሊጥ ወደ ቸኮሌቱ ጨምራችሁ አዋህዱ፣ ከዚያ ሁሉንም ወደ ሊጡ መልሱት።

ፍንጥርጣሪው ከወጣ በኋላ ካያችሁት ሳህኑን ለብ ያለ ውሃ ላይ አስቀምጡና ቀስ ብላችሁ አማስሉ። ዱቄት ሳይገባ በፊት ከሆነ በቀላሉ ይስተካከላል። ዱቄቱ ከገባ ተዉት። ብዙ ማማሰል ከፍንጥርጣሪው የባሰ ጉዳት ያመጣል፣ የተጋገረው ኬክ ደግሞ ነጠብጣብ ከመሆን ሌላ ጣዕሙ አይጓደልም።

ሊጡ ተለያየ፣ ቅባት ላዩ ላይ ወጣ

ወይ ቸኮሌቱ ትኩስ እያለ ገብቶ የተመታውን ቅቤ አቅልጦታል፣ ወይ እንቁላሉ ሁሉ በአንዴ ገብቷል። ለብ ያለ ወተት በማንኪያ እየጨመራችሁ በደንብ ምቱት፣ ይያያዛል። ካልተያያዘ አንድ ማንኪያ ዱቄት ቀድማችሁ ጨምሩበት። ቅቤው ከቀለጠ ግን በመምታት ያስገባችሁት አየር ሄዷል፤ ኬኩ ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደሚወጣ አስቀድማችሁ እወቁ።

ኬኩ ከባድ ሆነ፣ ኩፍ አላለም፣ ቅባቱ በዛ

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለ። ታገሡኝ፣ ይጠቅማል።

70 በመቶ ኮኮዋ አለው የተባለ 100 ግራም ቸኮሌት ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። 40 ግራም ያህሉ የኮኮዋ ቅቤ ነው። ደረቁ ኮኮዋ የቀረው 30 ግራም ገደማ ብቻ ነው። የኮኮዋ ዱቄት ግን አብዛኛው ቅባቱ ተጨምቆ ወጥቶለታል። ስለዚህ 35 ግራም ዱቄት የሚሰጠውን ኮኮዋ ለማግኘት 100 ግራም ያህል ቸኮሌት ይፈልጋል። ዱቄቱን በልኩ በቸኮሌት ከተካችሁት ኮኮዋው ያንሳል። በሦስት እጥፍ ተክታችሁ ሌላውን እንዳለ ከተዋችሁት ደግሞ ቅባቱና ስኳሩ ሊጡን ይጫነዋል።

እንዲህ አድርጉ፦ በ35 ግራም የኮኮዋ ዱቄት ፋንታ 100 ግራም የ70 በመቶ ቸኮሌት አስገቡ። ከስኳሩ 30 ግራም፣ ከገበታ ቅቤው 40 ግራም ያህል ቀንሱ። በዘይት የምትሠሩ ከሆነ የሚቀነሰው 35 ግራም ይበቃል። ቸኮሌቱ 50 በመቶ ከሆነ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነውና ከስኳሩ የምትቀንሱት ይጨምራል። ስኳር የሌለበት ቸኮሌት ካገኛችሁ ደግሞ 30 ግራሙ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የኮኮዋ ዱቄትና አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅባት ማለት ነው። የወተት ቸኮሌትን ለዚህ ሥራ አልመክርም። ስኳሩ ብዙ፣ ኮኮዋው ጥቂት ነው።

ሒሳቡ ካሰለቻችሁ ከመጀመሪያው ለቸኮሌት ተብሎ የተመጠነ ሊጥ ይሻላል። ጥሩ መነሻ ይሄ ነው፦ 60 በመቶ የሆነ ቸኮሌት 200 ግራም፣ የገበታ ቅቤ 120 ግራም፣ ስኳር 150 ግራም፣ እንቁላል 4፣ የፉርኖ ዱቄት 150 ግራም፣ ቤኪንግ ፓውደር አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ትኩስ ወተት ወይም ቡና 120 ሚሊ ሊትር፣ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ። በ23 ሳንቲ ሜትር መጋገሪያ፣ በ170 ዲግሪ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይበቃዋል።

ከመጠኑ ሌላ አንድ ነገር ኬኩን ያከብደዋል። ቸኮሌቱ ሞቅ ያለ ስለሆነ ሊጡ ቀጭን ይመስላል። ሰው ይደነግጥና ዱቄት ይጨምራል። እባካችሁ አትጨምሩ! ሊጡ በረድ ሲል ራሱ ይወፍራል። ዱቄቱንም መጨረሻ ላይ ነፍታችሁ አስገቡና ነጩ እስኪጠፋ ብቻ አዋህዱት።

ጣዕሙም ቀለሙም ደከመ

ኬኩ ቡናማ ይሆናል እንጂ እንደ ኮኮዋው ጥቁር አይልም። ምክንያቱን ከላይ ያየነው ነው፤ ቀለሙንም ጣዕሙንም የሚሰጠው ደረቁ ኮኮዋ ነው፣ ቸኮሌት ውስጥ ደግሞ እሱ ትንሽ ነው። 70 በመቶ ቸኮሌት ተጠቀሙ። በወተቱ ፋንታ ወፈር ያለ ትኩስ ቡና አድርጉበት፣ ኬኩ ቡና ቡና ሳይል የቸኮሌቱ ጣዕም ይጎላል። ጨውም አትዝለሉ። ጥቂት የኮኮዋ ዱቄት ዕቃው ስር ከቀረላችሁ ሁለት ማንኪያ ከፉርኖ ዱቄቱ ቀንሳችሁ በእሱ ተኩት። ለውጡ ትልቅ ነው።

ሳሙና ሳሙና የሚል ጣዕም ካለው ደግሞ ችግሩ ቤኪንግ ሶዳ ነው። ሶዳ እንዲሠራ አሲድ ይፈልጋል። ተፈጥሯዊው የኮኮዋ ዱቄት አሲድ አለው፤ ዱቄቱን አውጥታችሁ ሶዳውን ከተዋችሁት የሚያገኘው አሲድ ላይበቃው ይችላል። ወይ ወተቱን በእርጎ ተኩ፣ ወይ አንዱን ማንኪያ ሶዳ በሦስት ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ለውጡት።

መሃሉ ሰረጎደ

ኦቨኑ ቀድሞ ተከፍቷል፣ ወይም መሃሉ ሳይበስል ወጥቷል፣ ወይም ቤኪንግ ፓውደሩ በዝቷል። የመጀመሪያውን 25 ደቂቃ አትክፈቱት። ለ120 ግራም ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይበቃል። ስኳር ከበዛም መሃሉ ይወድቃል፤ የቸኮሌቱን ስኳር መቁጠር የሚያስፈልገው ለዚህም ነው። ዳር ዳሩ በስሎ መሃሉ ጥሬ እየሆነ ካስቸገራችሁ ኦቨኑን ወደ 160 አውርዱና ጊዜውን አርዝሙት። ከላይ ስስ ቅርፊት ሠርቶ ቢሰነጣጠቅ ግን አትጨነቁ፤ እንቁላልና ስኳር አብረው በደንብ ሲመቱ የሚመጣ ነው፣ ጥፋት አይደለም።

ስቴኪኒው ንጹህ ወጣ፣ ኬኩ ግን ደርቋል

በዚህ ኬክ ላይ ስቴኪኒው ሙልጭ ብሎ እስኪወጣ ከጠበቃችሁ አልፏል። ከኦቨን ከወጣ በኋላም በያዘው ሙቀት መብሰሉን ለጥቂት ጊዜ ይቀጥላል። ጥቂት እርጥብ ፍርፋሪ ተጣብቆበት ሲወጣ አውጡት። ፈሳሽ ሊጥ ካለበት ገና ነው። ስቴኪኒውን ያልተበተነ ቸኮሌት ከገጠመው ሊያሳስታችሁ ስለሚችል ሁለት ቦታ ውጉት፣ መሃሉንም በጣት ጫን አድርጉት። ተመልሶ ከተነሳ ደርሷል።

የደረቀውን ለመመለስ ውሃና ስኳር እኩል አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። ኬኩን በስቴኪኒ ወጋ ወጋ አድርጉና በማንኪያ አርከፍክፉበት።

ፍሪጅ አድሮ ጠጠረ

ይሄ ኬክ አልደረቀም። የኮኮዋ ቅቤውና የገበታ ቅቤው በቅዝቃዜ ጠጥረው ነው። ትናንት ለስላሳ የነበረው ዛሬ ቢላ ሲገባበት የሚፍረከረክ ይሆናል፣ ጣዕሙም ይደነዝዛል፤ የጠጠረ ቅባት አፍ ውስጥ ቶሎ አይፈታምና። ከማቅረባችሁ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ አውጡት። ቁራሽ ብቻ ከሆነ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይበቃዋል።

ክሬም ወይም ሌላ የሚበላሽ ነገር ካልተቀባ ግን ፍሪጅ ጭራሽ አያስፈልገውም። በደንብ ተሸፍኖ በክፍል ሙቀት ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ፍሪጅ የግድ እንደሚገባ አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ከገበታ ቅቤው ግማሹን በዘይት ተኩት። ለ60 ግራም ቅቤ 50 ግራም ዘይት። ዘይት በፍሪጅ ቅዝቃዜ እንደ ቅቤ ስለማይጠጥር ኬኩ በማግስቱም ልስልስ እንዳለ ይቆረሳል።