ለቆመ ካምፐር መስኮት የሐረግ ጥላ እንዴት ይሠራል?

ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ ወይም ሱሉልታ አካባቢ መኝታ የተገጠመለት ሚኒባስ ግቢ ውስጥ አቁማችሁ የምታድሩበት ከሆነ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ከሰዓት በኋላ ውስጡ ምጣድ እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ መጋረጃ ነው። መጋረጃ ግን ዓይን ይከልላል እንጂ ሙቀት አይከለክልም። ፀሐይዋ ጨርቁ ላይ የምታርፈው መስታወቱን አልፋ ከገባች በኋላ ነው። ጨርቁ ይግላል፣ ሙቀቱም እዚያው ውስጥ ይቀራል። ጥላው መሆን ያለበት ከመስታወቱ ውጭ ነው። ቆርቆሮ ወይም ጣውላም ያጠላል፤ ግን ራሱ ይግላል። ቅጠል ውሃ ስለሚያተን ያን ያህል አይግልም። ደግሞ ርካሽ ነው።

1. ከመትከላችሁ በፊት መኪናውን አዙሩት

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ነው የምታልፈው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ ወደ ሰሜን፣ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ይህችን ፀሐይ ከጣሪያው ወጣ ብሎ የተወጠረ ሸራ ይመልሳታል። ጣጣው ያለው ምሥራቅና ምዕራብ ላይ ነው። እዚያ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትገባለች። ምዕራቡ ይብሳል፤ በዚያ ሰዓት አየሩም ቀድሞ ሞቋል።

ግቢው ከፈቀደ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ምሥራቅ አዙሩት። ረጃጅሞቹ ጎኖች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዞራሉ። ምዕራብን የሚያየው የኋላው መስታወት ብቻ ይሆናል፤ ሥራችሁ ወደ አንድ መስኮት ወረደ ማለት ነው። የፊቱን መስታወት የጠዋት ፀሐይ ታገኘዋለች፤ ታግኘው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ካደረበት ሌሊት በኋላ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የምትገባ ፀሐይ በገንዘብ አትገኝም። ምሥራቁን በሐረግ የሚሸፍን ሰው እዚህ አካባቢ አድሮ አያውቅም።

መኪናው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ምን ይደረግ፣ ምዕራብ የሚያየውን ጎን ለይታችሁ እዚያ ላይ ሥሩ።

2. ምን ይተከል?

የእኔ ምርጫ አደንጓሬ ነው፤ ሐረግ የሚያወጣው ዓይነት። አጭሩና ቁጥቋጦ የሚሆነው አይወጣም፤ ስለዚህ ዘሩን ስትገዙ ጠይቁ። ፓሽን ፍሩት ያምራል፣ ፍሬውም ይጣፍጣል፤ ግን ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው። ሐምሌ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ብርሃን በናፈቃችሁ ጊዜም መስኮቱን እንደሸፈነ ነው፤ ውስጡ ይጨልማል፣ ፍራሹም ይሻግታል። ዱባ ይከብዳል። ቡገንቪላ እሾህ አለው፤ በጠባብ ቦታ ልብስ ይቀዳል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን አይቪ ደግሞ ወደ መኪና አታስጠጉት፤ በትንንሽ ሥሮቹ ቀለሙን ይዞ አይለቅም።

አደንጓሬ ውርጭ አይችልም። ስለዚህ ውርጩ ሲያልፍ፣ ጥር አጋማሽ ላይ ዝሩት። በሁለት ወር ገደማ መስኮቱን ይሸፍናል፤ ማለትም ሙቀቱ በከረረበት ሰዓት። ክረምቱ ሲገባ እሱም ጊዜውን ጨርሷል።

ጥላው ለነገ የሚያስፈልግ ከሆነ ሼድ ኔት (የጥላ መረብ) ገዝታችሁ ከታች የምገልጸው ድጋፍ ላይ ስቀሉ። አደንጓሬው ሲደርስ ታወርዱታላችሁ።

3. ድጋፉ

ተክሉ እዳው ገብስ ነው። ሥራው እዚህ ላይ ነው።

ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ ድጋፉ መኪናውን አይንካ። ሲባጎውን ከጣሪያው ፖርታ ባጋሊ ወይም ከስፖኪዮው ጋር ማሰር ይቀላል፤ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበውም እሱን ነው። አንድ የማውቀው ሰው ፓሽን ፍሩቱን እንደዚያ አስሮ ሁለት ዓመት አሳደገው። የቦሎ ጊዜ ደርሶ መኪናው መውጣት ሲኖርበት ሐረጉን በሙሉ በቢላ ቆርጦ ጣለው። ቅጠሉ ሲነሳ በመስኮቱ ጎማ ዙሪያ ያለው ብረት ዝጎ ተገኘ። እርጥብ ቅጠል ቀለም ላይ ተኝቶ ከከረመ የሚያመጣው ይህንኑ ነው። በተጨማሪ ሐረጉ ለጉንዳንና ለአይጥ መሰላል ይሆናል።

በድጋፉና በመኪናው መካከል ቢያንስ ሁለት ስንዝር ተዉ። በዚያ ክፍተት የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ መስኮቱም ይከፈታል። የኋላ በራችሁ ወደ ላይ የሚነሳ ከሆነ፣ ተነስቶ እስኪከፈት ድረስ የሚበቃ ርቀት ስጡት። ይህ ግን ዋጋ አለው፤ ድጋፉ በራቀ ቁጥር ቁመቱ መጨመር አለበት፤ አለዚያ ፀሐይዋ በላዩ ዘልላ ትገባለች። ከመቆፈራችሁ በፊት አንድ እንጨት ይዛችሁ 9 ሰዓት ላይ ቁሙ። ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ጥላው የመስታወቱ የላይኛው ጠርዝ ላይ መቼ እንደሚያርፍ እዩ። ከስሌት ይልቅ እሱ ያዋጣል።

ለቋሚ ሁለት አጠና ይበቃል። ልጡን ላጡት፤ ልጥ ውሃ ይዞ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ቅጠል የሞላው ድጋፍን ነፋስ በቀላሉ ስለሚገፋው ባልዲ ውስጥ የቆመ ቋሚ ይወድቃል፤ መሬት ውስጥ መግባት አለበት። መኪናው አንድ ቀን እንዲወጣ ደግሞ ተነቃይ መሆን አለበት። ሁለቱን የሚያስታርቀው የፍሳሽ ቱቦ ነው። ባለ 110 ሚሊ ሜትሩን ቱቦ በክንድ ልክ ቆርጣችሁ አፉ ከመሬት እኩል እስኪሆን ቅበሩት፤ ዙሪያውን በድንጋይ ጠቅጥቁ። ሥሩ ላይ ጠጠር ጨምሩ፤ ውሃ እንዳይቋጥር። አጠናውን እዚያ ውስጥ አቁሙና በእንጨት ሽብልቅ አጥብቁት። መኪናው ሲወጣ ሽብልቁን መንቀል ብቻ ነው። ቁራጭ ቱቦ ከማንኛውም የሕንፃ ሥራ ቦታ በልመና ይገኛል፤ አዲስ አትግዙ።

ከላይና ከታች አንዳንድ ማገር በጥቁር ሽቦ እሰሩ። በመካከላቸው ሲባጎ ቁልቁል ወጥሩ፣ በየስንዝሩ አንድ። የቃጫ ሲባጎ ይሁን። ሲያልቅ ከነሐረጉ ቆርጣችሁ ኮምፖስት ውስጥ ትጥሉታላችሁ። የፕላስቲኩን ግን ከደረቀ ሐረግ ውስጥ አንድ በአንድ ስትለቅሙ ፍዳችሁን ታያላችሁ።

4. መዝራትና መምራት

ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ ሥሩን ብሱ፤ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ሙሉ፤ በየባልዲው ሦስት ፍሬ ዝሩ። ባልዲዎቹን በታችኛው ማገር ሥር ደርድሩ።

ችግኙ ስንዝር ሲያልፍ ጫፉ የሚይዘውን እየፈለገ መዞር ይጀምራል። አንዳንዱ ሲባጎውን ይስታል፤ ያን ጊዜ በእጅ ጠምጥሙት። አቅጣጫውን ልብ በሉ፦ አደንጓሬ ከላይ ሲታይ ከሰዓት ቆጣሪ እጅ ተቃራኒ ነው የሚጠመጠመው። በሌላው አቅጣጫ ከጠመጠማችሁት ሐረጉ ራሱን ፈትቶ መሬት ላይ ታገኙታላችሁ።

የላይኛው ማገር ላይ ሲደርስ ጫፉን በጥፍር ቅጠፉት። ከጎን ማውጣት ይጀምራል፤ እኛም የምንፈልገው እሱን ነው። ጣሪያ ላይ ሶላር ካለ ይህን አትርሱ፤ አንዲት የሐረግ ክንድ ጥላዋን ብትጥልበት የሚሰጠው ኃይል ይወርዳል። የምድጃውና የፍሪጁ መተንፈሻ ፊትም ክፍት ይሁን።

በመጋቢት ፀሐይ ባልዲ ቶሎ ይደርቃል። ጠዋት ጠዋት አጠጡ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የአትክልት ማጠቢያው ውሃ ይበቃል፤ በረኪና የገባበትን ግን ሌላ ቦታ ድፉ። ቅጠሉ ከተጨማደደ ገልብጣችሁ እዩ። ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ትንንሽ ተባይ) ከሆነ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጣችሁ ማታ ማታ ርጩበት።

እሸቱ ቀቅለው ሲበሉት ጥሩ ነው። ፍሬውን ጥሬውን አትብሉ፤ ሆድ ያውካል።

5. ሰኔ ሲገባ

ለዘር የሚሆን ጥቂት እሸት እስኪደርቅ ሐረጉ ላይ ተዉ። የቀረውን ከሥሩ ቆርጣችሁ ከነሲባጎው አውርዱ፤ አጠናዎቹን ነቅላችሁ ጣሪያ ሥር አስቀምጡ። የተቀበሩትን ቱቦዎች አፍ በጠፍጣፋ ድንጋይ ክደኑ። አለዚያ በክረምቱ ጭቃ ይሞላቸዋል፤ ማታ ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው እግርም ይገባባቸዋል።