የላፕቶፑ ብርሃን አልቀንስ ሲል

ላፕቶፓችሁ ላይ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሲስተም) ጭናችሁ የስክሪኑ ብርሃን አልቀንስ ካላችሁ፣ ሲስተሙን እንደገና ለመጫን አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ጋ ነው። ለከርነሉ (ለሊኑክስ ዋና ክፍል) የሚያቀብለው የኤሲፒአይ ሰንጠረዥ፣ ማለትም ስለ ላፕቶፑ ዕቃዎች የሚገልጸው መረጃ፣ ሲሳሳት የስክሪኑን ብርሃን ትክክለኛ ያልሆነ ድራይቨር (ዕቃውን የሚያዘው ፕሮግራም) ይይዘዋል። የብርሃን ቁልፉን ስትነኩ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ምልክት ይንቀሳቀሳል፤ ብርሃኑ ግን ንቅንቅ አይልም።

መጀመሪያ የባዮስ ማሻሻያ ፈልጉ። ከሌለ በግረብ ሜኑ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሲስተም የሚመረጥበት ዝርዝር) ላይ «ኢ»ን (e) ተጫኑ። «ሊኑክስ» (linux) ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ አንድ ክፍት ቦታ ትታችሁ ኤሲፒአይ፣ የታች ሰረዝ፣ ባክላይት፣ የእኩል ምልክት፣ ኔቲቭ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት አያይዛችሁ ጻፉ (acpi_backlight=native)። ከዚያ ሲስተሙን ለማስነሳት ኤፍ10ን ተጫኑ። ይህ ለአንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሠራ አትፍሩ፤ ካልሆነ ሪስታርት ስታደርጉት ይጠፋል። ከሠራላችሁ ግን የግረብ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ አስገቡትና ግረብን አድሱ።