የቴሌፎቶ ሌንሴ ፎከስ እንዴት ተስተካከለ

ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አስጋሪዎችን በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሳነሳ ነገሩ አልጥም አለኝ። ፎከሱን ፊታቸው ላይ አደርጋለሁ፤ ጥርት ብሎ የሚወጣው ግን የታንኳው ጫፍ ነው። መጀመሪያ እጄን ጠረጠርኩ። የሹተሩን ፍጥነት 1/2000 ሰከንድ አደረስኩት፤ ያው ነው።

በላይቭ ቪው፣ ማለትም በካሜራው የጀርባ ስክሪን እያየሁ ስሞክር ግን ፊቱ ጥርት አለ! ያኔ ነቃሁ። በዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ባለው ካሜራ) ቪውፋይንደር፣ ማለትም በዓይን መመልከቻው ስናይ ፎከሱን የሚለካው ለብቻው የተቀመጠ ሴንሰር ነው። ላይቭ ቪው ደግሞ ምስሉን ከሚቀዳው ሴንሰር ያነባል። ሁለቱ አልተስማሙም።

ባሕር ዳር ቤቴ ግቢ ውስጥ ትራይፖድ ተከልኩ። 15 ሜትር ርቄ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አቆምኩ፤ ከጎኑ ፎከሱ የት እንዳረፈ እንዲያሳየኝ የልብስ ሰፊ ሜትር ወደ ካሜራው ዘረጋሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ከከረረች አየሩ ይርገበገባል፣ ትርፉ ድካም ነው። አፐርቸሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የሌንስ ቀዳዳ) f/5.6 አደረግኩ። ከእያንዳንዱ ሾት በፊት ፎከሱን ሆን ብዬ አዛባለሁ፣ እንደገና ይያዝ።

የካሜራው ሜኑ ውስጥ ያለው የፎከስ ማስተካከያ ከ−20 እስከ +20 ይሄዳል፤ ፕላሱ ፎከሱን ወደ ኋላ ይገፋል። +5 አልበቃም፣ +12 አለፈ፣ +8 ላይ ልክ ገባ። ሚረርለስ (መስታወት የሌለው፣ ፎከሱን ከዚያው ከምስሉ ሴንሰር የሚያነብ ካሜራ) የያዛችሁ ይሄን ጣጣ አታውቁትም፣ ታድላችሁ።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። የአንዱ አስጋሪ ሽበት አንድ በአንድ ይቆጠራል።