ጎመኑ ለምን ቢጫ ሆነ? የጓሮ ችግርና መፍትሄ

በአዲስ አበባ ዳር፣ በአቃቂ፣ በኮዬ ፈጨ ወይም በአራብሳ በኩል ጓሮ ያለው ሰው ዋልካን፣ ያንን ጥቁር ጭቃማ አፈር፣ ያውቀዋል፤ በክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። የብዙው ችግር ምንጭ እሱ ስለሆነ ዩሪያም ሆነ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ሥሩን ይዩ።

ምልክት፦ በሐምሌና በነሐሴ ጎመኑ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ቢጫ ይሆናል

አንዱን ይንቀሉ። ሥሩ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ምግብ አንሶታል፤ ብስባሽ ይጨምሩለት። ቡናማ ሆኖ ሲነኩት የሚላጥና የሚሸት ከሆነ ግን ውሃ ተኝቶበት ታፍኗል፤ ማዳበሪያ ቢደፉበትም አይድንም። መፍትሄው መደብ ነው። አፈሩን ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ያድርጉና በመሃል ቦይ ይቅደዱ። ቦዩ መውጫ ይኑረው፤ አለዚያ የሠሩት ኩሬ ነው። ዋልካ ጭቃ ሆኖ ከተቆፈረ ሲደርቅ ዶማ የማይሰብረው ጓል ስለሚሆን ሥራውን በበልግ፣ አፈሩ ለስለስ ሲል ይጨርሱ። «አሸዋ ጨምርበት» የሚል ምክር አይጠፋም፤ ጥቂት አሸዋ ዋልካን አይለውጠውም፣ ብስባሽ ይሻላል።

ምልክት፦ ብስባሹ ይሸታል፣ ዝንብ ወርሮታል

የድንች ልጣጭና የቡና አተላ ብቻ ሲከመር አየር አይገባውም። ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀዳደደ ካርቶን ከእርጥቡ አብልጠው ይቀላቅሉ፣ በመንሽ ያገላብጡ፣ ከዝናብ ይሸፍኑ። በእጅ ሲጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣው ልክ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል አያብዙበት፤ ቶሎ አይበሰብስም። አጥንት ደግሞ ፈጽሞ አይጣል፤ በከተማው ዳር ጅብ ሽታውን ተከትሎ አጥር ጥሶ ይገባል።

ምልክት፦ ከመስከረም በኋላ የቅጠሉ ጀርባ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል

ክሽክሽ ነው፤ የቅጠሉን ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት። ዩሪያ ሲበዛ ቅጠሉ ይለሰልስና ይስበዋል። ክፉኛ የተጠቃውን ቅጠል ቆርጠው ያውጡ። ለቀረው በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ጀርባ ይርጩ፤ ላዩን ብቻ መርጨት ሳሙና ማባከን ነው። ጥቁር ነጠብጣብ ያለባትን ቀይ ጥንዚዛ አይንኳት፤ ክሽክሹን የምትበላው እሷ ናት።

ምልክት፦ በበጋ ውሃ ሲጠፋ ሁሉም ይጠወልጋል

መደቡን ጭድ ያልብሱት፣ በማታ ያጠጡ። አትክልትና እህል የታጠበበት ውሃ ይሆናል፤ በረኪና የገባበት አይሆንም። የአቃቂን ወንዝ ውሃ በተለይ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ አያውሉት፤ የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ይገባበታል።