ሰርኪት አልፈታ ሲል፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የመጀመሪያው የሰርኪት ኮርስ ላይ ያለው ሒሳብ በአብዛኛው ተራ አልጀብራ ነው። ተማሪ ነጥብ የሚጥለው የከረንት ቀስት አዙሮ፣ ግራውንድ (ዜሮ ቮልት ተብሎ የሚቆጠረውን ነጥብ) ረስቶ ወይም ካልኩሌተሩን ሳያስተካክል ነው። ከታች ካሉት ችግሮች የራሳችሁን ፈልጋችሁ ሌላውን መዝለል ትችላላችሁ። የመጀመሪያውን ግን ሁላችሁም ብታነቡት ይሻላል።

ከረንቱ ኔጌቲቭ ወጣ

ይህ ስህተት ላይሆን ይችላል። ማይነሱ የሚለው «ከረንቱ የሚሄደው ከሳላችሁት ቀስት በተቃራኒ ነው» ብቻ ነው። ነገር የሚበላሸው ተማሪው ደንግጦ መሃል ላይ ምልክቱን ሲነካካ ነው።

አንድ ሰርኪት እንይ። ከግራ ባለ 12 ቮልት ሶርስ በ2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አልፎ ኖድ ሀ (ሽቦዎቹ የሚገናኙበት ነጥብ) ላይ ይደርሳል። ከቀኝ ባለ 9 ቮልት ሶርስም እንዲሁ በ2 ኪሎ ኦም አልፎ እዚያው ይመጣል። ከኖድ ሀ ወደ ግራውንድ ሌላ 2 ኪሎ ኦም ይወርዳል። ኬሲኤል (ወደ ኖድ የሚገባው ከረንት ከሚወጣው ጋር እኩል ነው የሚለውን የኪርሆፍ ሕግ) ጽፋችሁ ስትፈቱት ኖዱ 7 ቮልት ይሆናል። ከ12 ቮልቱ የሚመጣው ከረንት 2.5 ሚሊ አምፔር ነው። የቀኙን ቀስት ከኖዱ ወደ 9 ቮልቱ አድርጋችሁ ስላችሁት ከነበረ −1 ይወጣል። ማይነሱን ይዛችሁ ቀጥሉ፦ 2.5 − (−1) = 3.5። ወደ ግራውንድ የሚወርደው ይሄ ነው፤ በ2 ኪሎ ኦም ሲባዛ 7 ቮልት ይሰጣል። ልክ ገባ። ማይነሱን ጥላችሁ ኢኩዌሽኑን እንዳለ ከተዋችሁት ግን 1.5 ይመጣል፤ 7 ቮልት የነበረው ኖድ 3 ቮልት ሆኖ ቁጭ ይላል።

መፍትሄው፦ ቀስቱን አንዴ ሳሉ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው አትንኩት። ሬዚስተር ላይ ቀስቱ የሚገባበትን ጫፍ ፕላስ በሉት። ስትጨርሱ ፓወሩን ደምሩ። እዚህ ሶርሶቹ 30 እና 9፣ በድምሩ 39 ሚሊ ዋት ይሰጣሉ። ሬዚስተሮቹ 12.5፣ 2 እና 24.5 ይወስዳሉ፤ እሱም 39 ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ መልሱ የሆነ ቦታ ተበላሽቷል። ፈተና ላይ ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ይህን ይዘለዋል፤ እኔ ግን ሌላ ጥያቄ ከመጀመር ይልቅ እሱን አስቀድማለሁ።

ሁለት ኖድ መሃል ቮልቴጅ ሶርስ ገብቶ ኬሲኤል አልጻፍ አለ

በሶርሱ ውስጥ የሚያልፈውን ከረንት የኦም ሕግ አይነግራችሁም፤ ፍለጋውን ተዉት። ሁለቱን ኖዶች በአንድ ክብ ክበቡና ወደ ክቡ የሚገባውንና የሚወጣውን ብቻ ጻፉ። ሁለተኛው ኢኩዌሽን ራሱ ሶርሱ ነው፦ የኖዶቹ ልዩነት ከሶርሱ ቮልቴጅ ጋር እኩል ነው።

የቴቬኒን ሬዚስታንስ ከመልስ ወረቀቱ ጋር አልገጥም አለ

የቴቬኒን ሬዚስታንስ ማለት ሰርኪቱ ከሁለት ጫፎቹ ሲታይ ያለው ሬዚስታንስ ነው። ካልገጠመ ዲፔንደንት ሶርሱን (ዋጋው ሰርኪቱ ውስጥ ሌላ ቦታ ባለ ቮልቴጅ ወይም ከረንት የሚወሰነውን) አጥፍታችሁታል ማለት ነው፤ ሁሌም ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ። የሚጠፉት ነፃዎቹ ብቻ ናቸው፦ ቮልቴጅ ሶርስ በሽቦ ይተካል፣ ከረንት ሶርስ ይቆረጣል። ዲፔንደንቱ በቦታው ይቆይ። ከዚያ ጫፎቹ ላይ ባለ 1 አምፔር ሶርስ ሰክታችሁ የሚመጣውን ቮልቴጅ ፈልጉ። የቮልቱ ቁጥር ራሱ የኦሙ ቁጥር ነው።

ኤሲ (ተለዋዋጭ ከረንት) ላይ ሁሉም መልስ ተበላሸ

ካልኩሌተሩ ዲግሪ ላይ ነው ወይስ ራዲያን ላይ? መጀመሪያ እሱን እዩ። ቀጥሎ ፍሪኩዌንሲውን ኦሜጋ (ፍሪኩዌንሲው በ2π ተባዝቶ) ቦታ እንዳላስገባችሁት አረጋግጡ። 50 ሄርትዝ ማለት ኦሜጋ 314 ገደማ ነው።

ላብ ውስጥ የለካሁት ካሰላሁት ያንሳል

10 ቮልት፣ ሁለት ባለ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ። ስሌቱ መሃል ላይ 5 ቮልት ይላል። መልቲሜትሩ ግን 4.76 ያሳያል። ሬዚስተሩን ወቅሳችሁ ከመቀየራችሁ በፊት መለኪያውን ጠርጥሩ። ቮልት ላይ ያለ ዲጂታል መልቲሜትር ራሱ እንደ ሬዚስተር ነው፤ የብዙዎቹ 10 ሜጋ ኦም ነው። ከታችኛው ሬዚስተር ጋር ፓራለል ሲገባ 1 ሜጋው ወደ 909 ኪሎ ኦም ይወርዳል፤ ቮልቴጁም አብሮ ይወርዳል። ለማረጋገጥ ሁለቱንም በ10 ኪሎ ኦም ቀይሯቸው። ንባቡ ወደ 5 ከተጠጋ ጥፋቱ የመለኪያው ነበር። የቀረችው ትንሽ ልዩነት የሬዚስተሮቹ ናት፤ ወርቃማ መስመር ያለው ሬዚስተር 5 ፐርሰንት ወዲያና ወዲህ ማለት ይፈቀድለታል።

ሁሉንም ሰካሁ፣ ምንም የለም

የሬዚስተሩ ሁለት እግር ብሬድቦርዱ (ያለ ብየዳ ሰርኪት የሚሰካበት ቦርድ) ላይ እዚያው አምስት ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ሬዚስተሩ እንደሌለ ቁጠሩት፤ አምስቱ ቀዳዳ ከውስጥ አንድ ብረት ነው። ረጃጅም ቦርዶች ላይ ደግሞ የጎን የፓወር መስመሩ አንዳንዴ መሃል ላይ ይቋረጣል፤ ግማሹ ቦርድ የሚሠራ፣ ግማሹ ድርቅ የሚል ከሆነ እዚያ ጋ ሽቦ አሻግሩ።

ከረንት ስትለኩ ኤልኢዲው ጠፍቶ ንባቡ ዜሮ ከሆነ፣ በመልቲሜትሩ ቦታ ተራ ሽቦ አስገቡ። ኤልኢዲው በራ? እንግዲያው የመልቲሜትሩ ፊውዝ ተቃጥሏል፣ ወይም ገመዱ የተሰካው ቮልት ቀዳዳ ላይ ነው። የላብ መለኪያ ላይ ፊውዝ መቃጠሉ አይገርምም፤ ከእናንተ በፊት አንዱ በአምፔር አድርጎ ባትሪ ለክቶበታል።

ሲሙሌሽኑ የማይሆን ቁጥር ሰጠ

መጀመሪያ ግራውንድ መኖሩን እዩ፤ ያለሱ ፕሮግራሙ ቮልቴጁን ከምን አንጻር እንደሚቆጥር አያውቅም። ቀጥሎ የቁጥር ቅጥያውን። ስፓይስ (የታወቀ የሰርኪት ሲሙሌሽን ፕሮግራም) ላይ የተመሠረቱ ፕሮግራሞች ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለዩም። «ኤም» ሁሌም ሚሊ ነው፤ ሜጋ ከፈለጋችሁ «ሜግ» ብላችሁ ሦስቱንም ፊደል ጻፉ። ከሁሉ የምታስቀው ካፓሲተር ላይ ያለችው ናት፦ 1 ፋራድ ለማለት ከ1 ቀጥሎ «ኤፍ» ከጻፋችሁ 1 ፌምቶ ፋራድ ብሎ ያነበዋል። «ኤፍ»ን ትታችሁ ቁጥሩን ብቻ ጻፉ።