ስለ ክፍል ጥበት ከወረዳው ጋር ስትደራደሩ

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የትምህርት ቤታችን መሠረታዊ መምህራን ማኅበር ሰብሳቢም ነኝ። ከደጀንም ከሞጣም አዲስ የተመረጡ ተወካዮች ስለሚጠይቁኝ መንገዱን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ የቆማችሁበትን እወቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኛን አይሸፍንም። ስለዚህ እንደ ፋብሪካ ሠራተኞች በዚያ አዋጅ «የኅብረት ስምምነት እንፈራረም» ማለት አትችሉም። በእጃችሁ ያለው መንግሥት ራሱ ያወጣው መለኪያ ነው፦ በአንደኛ ደረጃ ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ፣ በሁለተኛ ደረጃ 40። የምትጠይቁት ይኸው እንዲፈጸም ነው።

ድርድሩ የሚያዘው በቁጥር ነው፤ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደግሞ የተማሪውን ብዛት ለመምህሩ ብዛት አካፍሎ ይመጣባችኋል። 600 ተማሪና 20 መምህር ያለው ትምህርት ቤት «1 ለ 30» ተብሎ ሪፖርቱ ያምራል። መማሪያ ክፍሉ 8 ብቻ ከሆነ ግን በእያንዳንዱ 75 ልጅ ታጭቋል። እናንተ የክፍል ተማሪ ጥምርታን፣ ማለትም በአንድ መማሪያ ክፍል ስንት ልጅ እንዳለ ያዙ፤ እሱንም በአማካይ ሳይሆን በየሴክሽኑ። 8ኛ ክፍል ስለሚሳሳ የ1ኛ «ሀ»ን መጨናነቅ አማካዩ ይሸፍነዋል።

ቆጠራውን ጥቅምት ላይ ጨርሱ። ኅዳር ጤፍ ይታጨዳል፣ በቆሎ ይሰበሰባል፣ ልጆቹም ማሳ ይወርዳሉ። በዚያ ሰሞን የመጣ ሱፐርቫይዘር ባዶ ዴስክ አይቶ «መጨናነቁ የታለ?» ይላችኋል። የስም መጥሪያውን፣ የዴስኩን ብዛት፣ ለሦስት በተሠራው ዴስክ ስንት ልጅ እንደተቀመጠ አስፍሩ። በጸጥታው ችግር ትምህርት ተቋርጦ በቆየባቸው ቀበሌዎች ዕድሜያቸው ከፍ ብሎ ታች ክፍል የገቡትን ለይታችሁ ቁጠሩ፤ ከትንንሾቹ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ማስቀመጥ ለሁለቱም በደል ነው።

ይህን ስሌትም አቅርቡ፦ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ፣ ልጁ 80 ሲሆን ለአንዱ 30 ሰከንድ ይደርሰዋል፣ መምህሩ ምንም ባያስተምር እንኳ። ፊደል ያልለየ ልጅ በዚያች ጊዜ ምን ይደረግለታል? እኔን አንጀቴን የሚበላኝ ይህ ነው፤ የእኛ ድካም ሁለተኛ ይመጣል።

መስከረም ላይ መጮኽ ፋይዳ የለውም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ መስከረም ላይ ገንዘቡ ተደልድሎ አልቋል። ጥያቄያችሁ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ወረዳው ዕቅዱን ሲያዘጋጅ ይግባ።

ብቻችሁንም አትግቡ። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ከጎናችሁ ይቀመጥ። አባቶችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አነጋግሯቸው፤ ስለ ደመወዝ ሳይሆን ስለ ልጃቸው መቀመጫ ንገሯቸው። በእኛ አገር ብዙ ክፍል የቆመው በሕዝቡ ባሕር ዛፍና ጉልበት ነው። «እኛ እንጨቱንና ጉልበቱን እንችላለን፣ ወረዳው ቆርቆሮና መምህር ይመድብ» የሚል ወላጅ ባለበት ስብሰባ «በጀት የለም» ብሎ መነሣት ይከብዳል። መዋጮው ግን ከአዝመራ በኋላ ይሁን፣ ግንባታውም ክረምት ሳይገባ ይጠናቀቅ። ሁሉንም ክፍል ባንድ ጊዜ ማቃለል ካልተቻለ ከ1ኛ እና ከ2ኛ ክፍል እንዲጀመር ያዙ። ፈረቃ ቢያቀርቡላችሁ ከሰዓት የሚያስተምረው መምህር ማን እንደሆነ ሳይነገራችሁ አትስማሙ።

ቃለ ጉባኤው ሲጻፍ ዓይናችሁን አትንቀሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 የሎስ አንጀለስ መምህራን ለ6 የትምህርት ቀናት ሥራ አቁመው ካስለወጧቸው ነገሮች አንዱ በውላቸው ውስጥ የነበረ አንቀጽ ነው፤ አስተዳደሩ ከተስማማበት የክፍል መጠን በላይ እንዲሄድ ይፈቅድለት ነበር። የእኛ አገሩ አቻው «እንደ አስፈላጊነቱ» እና «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚል ነው። አሰርዙት። በምትኩ ሴክሽኑ፣ ቁጥሩ፣ ቀኑና ኃላፊው ይጻፍ። ኮፒውን ፊርማና ማኅተም አስደርጋችሁ ለርዕሰ መምህሩ፣ ለወረዳው መምህራን ማኅበርና ለወላጅ ኅብረቱ ስጡ፤ አንዱን በማኅበሩ ፋይል አስቀምጡ።