በባርሴሎና የስፔን ክላሲካል ጊታር ቡድን ኮንሰርት እንዴት እንደሚታደሙ

ክላሲካል ጊታር ድምፁ ትንሽ ነው። ከቫዮሊን ወይም ከፒያኖ ጎን ሲቆም በቀላሉ የሚዋጥ፣ ክሩ አንዴ ከተመታ በኋላ ድምፁ ወዲያው መክሰም የሚጀምር መሣሪያ በመሆኑ፣ ኮንሰርቱን ለመታደም ያሰበ ሰው አዳራሽ ከመምረጥ አንሥቶ ካፖርቱን እስከሚለብስበት ደቂቃ ድረስ የሚወስነው ነገር ሁሉ ከዚህ አንድ ጠባይ ጋር ይያያዛል። ጊታሮቹ አራት ሲሆኑ ድምፁም አራት እጥፍ የሚጎላ ይመስላል፤ ጆሮ ግን እንዲያ አይቆጥርም። እኩል ድምፅ ያላቸው አራት ጊታሮች አብረው ሲጫወቱ አንዱን የሚበልጡት በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉላት መለኪያ) ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ድምፅ እጥፍ ጎላ ብሎ እንዲሰማን ደግሞ 10 ዴሲቤል ያህል ጭማሪ ያስፈልጋል። ስለዚህ የጊታር ቡድን ከነጠላ ጊታር የሚለየው በጉልበቱ ሳይሆን በቀለሙ ብዛት ነው፤ ያንን ቀለም ለመስማት ደግሞ ጥቂት ዝግጅት ይጠይቃል።

ይህ መመሪያ ባርሴሎናን ይዞ የሚሄደው ያለ ምክንያት አይደለም። የጊታር ተጫዋችና አቀናባሪ የነበሩት ፈርናንዶ ሶር በ1778 የተወለደው፣ ፍራንሲስኮ ታሬጋ በ1909 የሞተው በዚችው ከተማ ነው፤ በአውሮፓ የሚኖር ወይም ለጉብኝት የመጣ አንባቢም የጊታር ኮንሰርት በቀላሉ ከሚያገኝባቸው ከተሞች አንዷ ናት። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ ማስታወቂያውን በጥንቃቄ ያንብቡ

“የስፔን ጊታር” የሚለው ስም ሁለት የተለያዩ ወጎችን በአንድ ላይ ይሸፍናል። አንዱ ክላሲካል ሲሆን፣ በኖታ የተጻፈ ሥራ ያለ ዘፈንና ያለ ውዝዋዜ፣ በጸጥታ ለሚያዳምጥ ሰው የሚቀርብበት ነው። ሌላው ከአንዳሉሲያ የመጣው ፍላሜንኮ ሲሆን፣ ጊታሩ ከዘፈን፣ ከጭብጨባና ከእግር ምት ጋር አብሮ ያደገበት ነው። ክራር ለሚያውቅ አንባቢ ልዩነቱን ማስረዳት አይከብድም፤ ስፔኖች ክሮቹን አንድ በአንድ እየነጠሉ መጫወትን ፑንቴያዶ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ መምታትን ራስጌያዶ ይሉታል፤ እኛም ለክራር ድርድርና ግርፍ የምንላቸው ስልቶች አሉን። ክላሲካሉ በአብዛኛው በድርድሩ፣ ፍላሜንኮው ደግሞ በሁለቱም፣ በተለይም ለጆሮ በሚያስደነግጥ ግርፍ ይታወቃል።

ለጎብኚ የሚለጠፉ ማስታወቂያዎች ሁለቱን ስለሚቀላቅሉ፣ ከፎቶግራፉ ይልቅ የአቀናባሪዎቹን ስም ይመልከቱ። ሶር፣ ታሬጋ፣ አልቤኒዝ፣ ግራናዶስ፣ ዴ ፋያ ወይም ሮድሪጎ ከተጠቀሱ ምሽቱ ወደ ክላሲካሉ ያደላል። የፍላሜንኮ ጊታር ተጫዋቹ የፓኮ ዴ ሉሲያ ስም ካለና “ባይሌ” የሚል ቃል፣ ማለትም ውዝዋዜ ከተጨመረበት፣ የጫማ ተረከዝ ከእንጨት ወለል ጋር የሚፋለምበት ምሽት ይጠብቅዎታል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አያንስም፤ ችግር የሚሆነው አንዱን ፈልገው ሌላው ሲገጥምዎት ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ ምሽት የሚያቀርቡ ቡድኖችም ስላሉ የፕሮግራሙን ዝርዝር እስከ መጨረሻው ማንበብ ይጠቅማል።

የተጫዋቾቹን ቁጥርም ልብ ይበሉ። “ዱኦ” ሁለት፣ “ትሪዮ” ሦስት፣ “ኩዋርቴቶ” አራት ነው። አራት ጊታር በዓለም መድረክ እንዲታወቅ ትልቅ ድርሻ ያለው የሮሜሮ ቤተሰብ ነው፤ አባትየው ሴሌዶኒዮ ሮሜሮ በ1957 ከስፔን ወደ አሜሪካ ተሰደው ከሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር በአንድ መድረክ መጫወት ከጀመሩ በኋላ፣ ኾዋኪን ሮድሪጎ በ1967 ለአራት ጊታርና ለኦርኬስትራ የሚሆን ኮንሰርቶ ጽፎላቸዋል።

ሁለተኛ፦ አዳራሹን ይምረጡ

በባርሴሎና ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርጠው በሁለት ቦታዎች መካከል ነው። የመጀመሪያው ፓላው ዴ ላ ሙዚካ ካታላና ነው። አርክቴክት ሉዊስ ዶሜኔክ ኢ ሞንታኔር የሠራው ይህ አዳራሽ በ1908 የተከፈተ ሲሆን፣ በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ለጊታር ወዳጆች ግን ከሥነ ሕንፃው የሚበልጥ ታሪክ አለው፤ ሮድሪጎ ለጊታርና ለኦርኬስትራ የጻፈው “ኮንሲየርቶ ዴ አራንኹዌዝ” ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በኅዳር ወር 1940 በዚሁ መድረክ፣ በሬኺኖ ሳይንዝ ዴ ላ ማሳ ጣቶች ነው። ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ዐይነ ስውር የነበረው ሮድሪጎ በዚያ ሥራ ኦርኬስትራውን እያሳሳ፣ ጊታሩ በሚናገርበት ቦታ ሌሎቹን እያስታገሠ መጻፉ የመሣሪያውን ድምፅ ትንሽነት ምን ያህል በሚገባ እንደተረዳው ያሳያል።

ፓላው ግን ከ2,000 በላይ ሰው የሚይዝ ትልቅ ቤት ነው። ሦስት ወይም አራት ጊታር እንዲህ ባለ አዳራሽ ሲቀርብ፣ በተለይም ውዝዋዜ ካለበት፣ ድምፁ በማይክሮፎንና በድምፅ ማጉያ መታገዙን አስቀድሞ መጠበቅ ተገቢ ነው። ይህ ነውር ባይሆንም፣ የሚሰሙት ከእንጨቱ የወጣውን ብቻ ሳይሆን በባለሙያው መቆጣጠሪያ በኩል ያለፈውንም ጭምር ነው። ያለ ማጉያ ለመስማት የሚፈልግ ሰው ትኬት ከመግዛቱ በፊት ሽያጭ ክፍሉን ይጠይቅ፤ በዚያው ሕንፃ ሥር ያለው ፔቲት ፓላው የተባለው አነስተኛ አዳራሽ ለእንዲህ ዓይነቱ ሙዚቃ ይበልጥ የሚመች ልክ አለው።

ሁለተኛው ቦታ በጎቲክ ሠፈር የሚገኘው የሳንታ ማሪያ ዴል ፒ ባዚሊካ ነው። ይህ የ14ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን የጊታር ኮንሰርቶችን ያስተናግዳል። ድንጋይ ድምፅን ቶሎ ስለማይለቅ፣ ቶሎ የሚከስመው የጊታር ድምፅ በዚህ ዕድሜ ያገኛል፤ ዝግ ያሉ ሥራዎች እዚህ የሚሰሙትን ያህል ሌላ ቦታ ያምራሉ ብዬ አላምንም። በአንጻሩ ፈጣን ግርፍና የተጨናነቀ የአራት ጊታር ውይይት እርስ በርሱ ይደባለቅና ይደፈርሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ሲሆን ወደ ፊት ተጠግተው ይቀመጡ። ከመድረኩ በራቁ ቁጥር ከጊታሩ ይልቅ ግድግዳውን ይሰማሉ።

ሦስተኛ፦ ትኬትና መቀመጫ

ትኬቱን ከአዳራሹ የራሱ ድረ ገጽ ወይም “ታኪያ” ከሚባለው መስኮት መግዛት ይመረጣል። ትኬቱ ላይ “ፊላ” ረድፉን፣ “ቡታካ” መቀመጫውን፣ “ፕላቴያ” ደግሞ ከመድረኩ ፊት ለፊት ያለውን የምድር ወለል ያመለክታል። “ቪሲቢሊዳድ ሬዱሲዳ” የሚል ጽሑፍ ካዩ ከፊትዎ ምሰሶ ወይም መከለያ አለ ማለት ነው፤ የተጫዋቹን እጅ ማየት የደስታው ግማሽ በሆነበት ኮንሰርት ይህ ዓይነቱ ትኬት በርካሽም ቢሆን ውድ ነው።

መካከለኛውን መቀመጫ መምረጥ የሚገባበት ሌላ ምክንያት በጊታሩ አሠራር ላይ ነው። የዘመናዊውን ክላሲካል ጊታር ቅርፅ ያጸናው የአልሜሪያው ሠሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ፣ ድምፁን የሚያወጣው የፊት ገበታው መሆኑን ለማሳየት በ1862 ጀርባውና ጎኑ ከካርቶን የሆነ ጊታር ሠርቶ ነበር። ያ ጊታር ዛሬ በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ይገኛል፤ ከኮንሰርቱ በፊት ባለው ቀን ለመጎብኘት ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላውቅም። ገበታው የሚመለከተው ወደ ታዳሚው ስለሆነ፣ ከጎን የተቀመጠ ሰው ቀጭኖቹንና ብሩሆቹን ድምፆች በከፊል ያጣል።

አራተኛ፦ ጥቂት ሥራዎችን አስቀድመው ያዳምጡ

ሙሉውን ፕሮግራም ማጥናት አያስፈልግም፤ ሦስት ወይም አራት ሥራ ይበቃል። በጊታር ኮንሰርት ላይ በጣም የሚዘወተሩት የኢሳክ አልቤኒዝ “አስቱሪያስ” እና የኤንሪኬ ግራናዶስ አምስተኛው የስፔን ዳንስ መጀመሪያ የተጻፉት ለፒያኖ መሆኑ ብዙ ሰው ያስገርማል። አልቤኒዝ በፒያኖ ላይ ጊታርን ሲያስመስል የጊታር ተጫዋቾች ደግሞ ወደ ራሳቸው መለሱት። የፒያኖውን ቅጂ አስቀድሞ የሰማ ሰው፣ አሥር ጣት ይሠራው የነበረውን ሥራ ሦስት ወይም አራት ተጫዋቾች እንዴት እንደተከፋፈሉት በመድረክ ላይ በግልጽ ያያል። ጊታር ከአራት የቫዮሊን ቤተሰብ መሣሪያዎች ጋር የሚቀርብበት ምሽት ከሆነ፣ ጣሊያን ተወልዶ ስፔን የኖረው ሉዊጂ ቦኬሪኒ የጻፈውንና ፋንዳንጎ በተባለው የስፔን ውዝዋዜ ዜማ የሚቋጨውን ኩዊንቴት፣ ማለትም የአምስት መሣሪያ ሥራ፣ መስማት ጥሩ መግቢያ ነው።

አምስተኛ፦ የምሽቱ ጉዞ

በስፔን ምሽት የሚጀምረው ዘግይቶ ነው፤ ትኬቱ ላይ 21:00 ተጽፎ ቢያገኙ አይደነቁ፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ከኢትዮጵያውያን ወዳጆች ጋር በአማርኛ ሲቀጣጠሩ ግን ይጠንቀቁ፤ “ዘጠኝ ሰዓት እንገናኝ” ተብሎ ግማሹ ከቀትር በኋላ፣ ግማሹ በምሽት ደጃፉ ላይ ሊቆም ይችላል። ወደ ፓላው በሜትሮ ኡርኪናኦና፣ ወደ ሳንታ ማሪያ ዴል ፒ ደግሞ ሊሴው ጣቢያ መውረድ ይቀርባል። ንጹሕና ተራ አለባበስ ይበቃል፤ ከረባት ግዴታ አይደለም።

ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በፊት ይድረሱ። ከተጀመረ በኋላ የመጣ ሰው እስከ ጭብጨባው ድረስ በር ላይ ሊቆም ይችላል፤ ሲገባም የወንበሩ ጩኸት ከጊታሩ ይበልጣል። ስልክዎን በንዝረት ላይ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ፤ በእንጨት ወንበር ላይ የሚንዘር ስልክ በጸጥታው መካከል ከበሮ ይመስላል። ለጉሮሮ የሚሆን ከረሜላ ካለዎት ወረቀቱን አስቀድመው ይላጡት።

ስድስተኛ፦ በአዳራሹ ውስጥ

ተጫዋቾቹ ተቀምጠው ክራቸውን ሲቃኙ ቢያዩ ትዕግሥት አይጉደልዎት። አራት ጊታር ሃያ አራት ክር ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአንጀት ክርን የተካው ናይለን ደግሞ በመብራቱ ሙቀትና በሰው ትንፋሽ እርጥበት ቅኝቱ ይዛነፋል። ከዚህም በላይ ብዙ ሥራዎች ወፍራሙን ስድስተኛ ክር ዝቅ አድርጎ መቃኘት ስለሚጠይቁ በየመሀሉ መቃኘት የግድ ነው። በዚህ ጊዜ ማውራት አይገባም፤ አንዳቸው የሌላቸውን ክር ለመስማት እየሞከሩ ነውና።

ከዚያ ዐይንዎ ሁለት ነገሮችን ይከተል። የመጀመሪያው አጀማመራቸው ነው። ቫዮሊን በቀስት ሲጀምር ድምፁ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ጊታር ግን በአንድ ቅጽበት ይፈነዳል፤ ስለዚህ ሁለት ተጫዋቾች በጥቂቱ እንኳ ቢቀዳደሙ ወዲያው ይታወቃል። መሪ የላቸውም። ከመጀመሪያው ምት በፊት የአንዳቸውን ትንፋሽ፣ የራስ ንቅነቃ ወይም የዐይን ጥቅሻ ካዩ ቡድኑ በምን እንደሚተሳሰር አወቁ ማለት ነው።

ሁለተኛው ቀኝ እጅ ነው። ጣቶቹ ክሮቹ ወደ ታሰሩበት ድልድይ ሲጠጉ ድምፁ ብረት ብረት ይላል፤ ወደ አንገቱ ሲሄዱ ይለሰልሳል። ጎበዝ ቡድን የአንዱን ተጫዋች ጣቶች ከድልድዩ አጠገብ፣ የሌላውን ወደ አንገቱ በኩል እያስቀመጠ ተመሳሳይ መሣሪያዎችን የተለያዩ ያስመስላል። ጥፍራቸውንም ይመልከቱ፤ ታሬጋ በኋለኛው ዘመኑ ጥፍሩን ትቶ በጣቱ ሥጋ ይጫወት ነበር፣ ዛሬ ግን አብዛኞቹ በጥንቃቄ በተሞረደ ጥፍር ነው የሚጫወቱት። ዜማው የት እንዳለ ከጠፋዎት ደግሞ አካሉ ጎንበስ ያለውንና ከሌሎቹ ጎላ ብሎ የሚጫወተውን ይፈልጉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ መከተል መሰልቸትን ያርቃል።

ጭብጨባን በተመለከተ አንድ ሥራ ብዙ ክፍሎች ካሉት በክፍሎቹ መካከል አይጨበጨብም። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ከሥራው ርዕስ ሥር ገባ ብለው የተጻፉት ስሞች ክፍሎቹ ናቸው። ከተጠራጠሩ እጃቸውን ይመልከቱ፤ ቀኝ እጅ በክሮቹ ላይ እስካንዣበበ ድረስ አላለቀም። በምት መካከል እየተከተሉ ማጨብጨብ፣ በእኛ ዘንድ ለተጫዋቹ ክብር ቢሆንም፣ እዚህ ድምፁን ይሸፍነዋል። እልልታውም፣ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ሽልማትም ለሌላ ቀን ይቆዩ። በፍላሜንኮ ምሽት “ኦሌ” የሚል ድምፅ ከተሰማ ግን ያ ሌላ ወግ ነው፤ የአገሬው ሰው ሲጀምር ተከትሎ ማለት አያስነቅፍም።

የመጨረሻው ሥራ ሲያልቅ፣ የመጨረሻው ክር ድምፅ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ጭብጨባዎን ያቆዩት። ከዚያ በኋላ ተጫዋቾቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ወጥተው እየገቡ ይሰግዳሉ፤ ታዳሚው ካልተወ ስፔኖች “ቢስ” የሚሉትን ተጨማሪ ሥራ ይጫወታሉ። ይህ ተጨማሪ ሥራ አንዳንድ ጊዜ ከምሽቱ ሁሉ ጸጥ ያለው ይሆናል፤ ካፖርታቸውን እየጎተቱ ወደ በሩ የሚቸኩሉ ሰዎች የሚያልፋቸውና ለሌላውም የሚያጠፉበት እሱን ነው። ስለዚህ መብራቱ ሙሉ በሙሉ እስኪበራ ድረስ ከመቀመጫዎ አይነሡ።